ስለ አዳራሻችን ደረጃ ቀለም መላጥና ስለ ጥገናው

(በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጥገና ኮሚቴው የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ የተደረገ)



ከመንገዱ ወደ እድራችን አዳራሽ የሚያወርደው ደረጃ ቀለሙ ተላልጦ መበላሸቱ ባለፈው ስብሰባ ተነሥቶ፣ ብዙ ክርክር ከተደረገበት በኋላ፣ ነገሩን መርምረን እንድናቀርብ ለጥገና ኮሚቴው ኃላፊነት መሰጠቱ ይታወሳል። በመካከላችን ግንበኛም፣ ቀለም ቀቢም፣ ጡረታ የወጣ የሥራ ተቆጣጣሪም ስላለ ምርመራው ከሁለት ቅዳሜ በላይ አልፈጀብንም። ዛሬ ያየነውንና ይሻላል የምንለውን እንነግራችኋለን።

አስቀድመን ቁርጡን እንናገር። ከአባላት ብዙዎቹ «ለገና ሁለት ጣሳ ቀለም ይገዛና ላዩ ላይ ይደገምበት፣ ነገሩ ይለቅ» ብላችኋል። እኛ ይህን አንደግፍም። በተነሣ ቀለም ላይ የተቀባ ቀለም የሚቆየው የታችኛው እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው፤ የታችኛው ሲለቅ የላይኛውንም ይዞት ይሄዳል። ለገና ያምራል፣ በበልግ ያብጣል፣ ክረምት ሲገባ እንደገና እዚሁ ተቀምጠን ስለዚሁ ደረጃ እንከራከራለን።

ደግሞስ ጉዳዩ የመልክ ብቻ ነው ወይ? በነሐሴ ወር አንዲት እናታችን ለቅሶ ለመድረስ ሲወርዱ በዚሁ ደረጃ ላይ ተንሸራተው የእጃቸው አንጓ መሰበሩን ሁላችንም እናውቃለን። በየቤቱ የሚወራው «የተላጠው ቀለም አሰናከላቸው» እየተባለ ነው። እኛ ግን እሳቸውን ራሳቸውን ጠይቀን፣ የወደቁበትን ቦታ አሳይተውን አየነው። ከላይ ሲቆጠር 11ኛው ደረጃ ነው። እዚያ ላይ ቀለሙ አንድም ቦታ አልተላጠም። እንደ መስተዋት ያበራል! የተላጡትን ደረጃዎችማ እሳቸውም እኛም ተጠንቅቀን ነበር የምንረግጣቸው፤ የጣላቸው ደኅና የመሰለው ነው። ይህን እንድታስታውሱልን እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ኋላ የምናቀርበው ሐሳብ ከዚህ የሚነሣ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። ቀለም ለምን እንደተላጠ የሚናገረው ራሱ ቅርፊቱ ነው። ማንኛችንም በገዛ ቤታችን ደጃፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን፣ ሱቅ ከመሮጣችንም ቀቢ ከመጥራታችንም በፊት፣ ቅርፊቱን በጥፍር አንሥተን ጀርባውን ብናየው ግማሹን መልስ እናገኛለን። ጀርባው ላይ ግራጫ የሲሚንቶ ዱቄት ተጣብቆ ከመጣ ቀለሙ ጥፋት የለበትም፤ እሱ የያዘውን ይዟል፣ የለቀቀው የሲሚንቶው ቆዳ ነው። ጀርባው የቀድሞውን ቀለም መልክ ይዞ ወይም ንጹሕና ለስላሳ ሆኖ ከመጣ፣ አዲሱ ቀለም አሮጌው ሳይፋቅና ሳይታጠብ ተቀብቷል ማለት ነው። ነጭ ዱቄት ከታየ፣ ውሃ ከሥር ወደ ላይ እየወጣ ጨው ይዞ መጥቷል። ጀርባው ርሶ እንደ ማስቲካ ጣት ላይ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ ዘይቱና ሲሚንቶው ተጣልተዋል።

በእኛ 14 ደረጃዎች ላይ አራቱንም አገኘናቸው። ከላይ ያሉት አምስቱ አሮጌዎች ናቸው፤ እነሱ ላይ አዲሱ ግራጫ ቀለም ከድሮው ቀይ ቀለም ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል፤ ከሥሩ ያለው ቀይ አሁንም ያንጸባርቃል፤ የብርጭቆ ወረቀት የነካው አይመስልም። ከ6ኛው ጀምሮ ወደ ታች ያሉት ዘጠኙ በ2017 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት አዲስ ሊሾ የተደረጉት ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚነሣው ቅርፊት ጀርባው ግራጫ ዱቄት ነው። በ8ኛው፣ በ9ኛውና በ10ኛው ላይ ግን ነጩም ዱቄት አለ፣ የሚያጣብቀውም አለ።

ሊሾ ሁላችንም የምንወደው ነገር ነው፤ ያምራል፣ ለመጥረግም ይመቻል። ግንበኛው ልስላሴውን የሚያወጣው ግን እርጥቡን ሲሚንቶ በካዙላ ደጋግሞ በማሸት ነው። ሲያሸው ውሃውና የሲሚንቶው ልም ከላይ ይሰፍፋል፤ ሲደርቅም ከሥሩ ካለው ይልቅ ደካማ የሆነ ስስ ቆዳ ይሠራል። ቀለም ደግሞ የሚይዘው ሻካራና የሚመጥ ነገር ላይ ነው። ሊሾ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ፤ ጠብታው እንደ ቅባት ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ ቀለሙም እንዲሁ ተንሳፎ ነው የሚቀረው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመጦ ቦታው ከጠቆረ ቀለም ይቀበላል።

ስለሚያጣብቀው ጉዳይ ደግሞ ትንሽ እንቆይ። ሲሚንቶ ሲረጥብ ኖራ ያወጣል፤ ቀን ሙሉ ሲሚንቶ ያቦካ ሠራተኛ እጁ የሚላጠው በዚህ ነው። የዘይት ቀለም ደግሞ ስሙ እንደሚለው በዘይት የተሠራ ነው። ዘይት ወይም ሞራ እንዲህ ካለ የሚያቃጥል ነገር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ቤቷ ሳሙና ሠርታ የምታውቅ እናት ትነግረናለች። አዎን፣ ሳሙና ነው የሚሆነው! ሲሚንቶው ትኩስና እርጥብ ሳለ የዘይት ቀለም ከቀባንበት፣ ቀለሙ ከሥሩ ቀስ በቀስ ወደ ሳሙናነት እየተለወጠ ይለሰልሳል፤ ሳሙና ደግሞ ድንጋይ አይይዝም። ለዚህ ነው በሙያው አዲስ ሲሚንቶ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው ቀለም አይነካውም የሚባለው፤ ቦታው እርጥብ ከሆነም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። የእኛ ደረጃ የተቀባው ሊሾው በተሠራ በ12ኛው ቀን ነው።

ለመሆኑ ውሃው ከየት መጣ? ክረምቱ ለሁሉም እኩል ዘንቧል፤ ለምን ሦስቱ ደረጃዎች ብቻ ነጭ አወጡ? ይህን ለማወቅ በመስከረም መጨረሻ ላይ ሦስት ቁራጭ ወፍራም ላስቲክ፣ እያንዳንዱ 45 ሳንቲ ሜትር በ45 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ቀለሙን ባነሣንበት ቦታ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገን አንድ ሌሊት አሳደርነው። አንዱ በ3ኛው ደረጃ ላይ ነው፣ አንዱ በ9ኛው፣ አንዱ በ13ኛው። የሚያስፈልገው ቢያንስ 16 ሰዓት ያህል ነው። በማግስቱ ስናነሣው 3ኛውና 13ኛው ደረቅ ናቸው፤ በ9ኛው ላይ ግን ላስቲኩ በውስጥ በኩል በጠብታ ተሞልቷል፣ ሲሚንቶውም ጠቁሯል። ያን ዕለት ዝናብ አልነበረም። እንግዲህ ውሃው ከሰማይ ሳይሆን ከሥር ነው የሚመጣው።

ከዚያ ጎኑን ስናይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የአዳራሹ ጣራ አሸንዳ የሚወርድበት ቱቦ ወደ ቦዩ መድረስ ሲገባው በ9ኛው ደረጃ ጎን አፈሩ ላይ ነው የሚያልቀው። የጣራው ውሃ በሙሉ ክረምቱን በሞላ እዚያ ይደፋል፤ ጥቁሩ አፈር ይጠጣዋል፤ ጥቁር አፈር ደግሞ የጠጣውን ቶሎ አይለቅም፤ ደረጃው እንደ ስፖንጅ ይስበዋል። ፀሐይ ሲወጣ ውሃው በላይ በኩል መውጣት ይፈልጋል፣ ቀለሙ ከድኖታል፤ ስለዚህ ይገፋዋል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዚህ ቦታ በዓለም ላይ ያለ ውድ ቀለም ቢቀባ ያው ነው። የሚጠገነው መጀመሪያ ቱቦው ነው!

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቀለም ቀቢው ልጃችን አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የሰፈራችን ልጅ ነው። «ሥራ አበላሸ» ተብሎ ከተስማማበት ዋጋ ሲሶው እስካሁን አልተከፈለውም፤ ከዚህም የተነሣ ሌላ ሥራ እንዳያገኝ ስሙ እየተነሣ ነው። እኛ እንደምናየው፣ ከላይ ያሉትን አምስቱን ሳይፍቅ መቀባቱ የእሱ ጉድለት ነው፤ ሙያ ካለው ሰው ይህ አይጠበቅም፤ እሱም ስንጠይቀው አልካደም። ነገር ግን የታችኞቹን በ12ኛው ቀን እንዲቀባ ያደረገው በዓሉ እንዲደርስ የተሰጠው ትእዛዝ ነው። ቀለሙንም የመረጠው እሱ አይደለም፤ ለብረት በር የሚሆን አንጸባራቂ የዘይት ቀለም ተገዝቶ ነው የተሰጠው። ቱቦውንም እሱ አልተከለውም። ስለዚህ ቀሪ ሒሳቡ እንዲከፈለውና አምስቱን የላይኛዎቹን ያለ ተጨማሪ ዋጋ ከእኛ ጋር ሆኖ እንዲፍቅ ሐሳብ አቅርበናል። እሱ ተስማምቷል። ገንዘቡን መወሰን የእናንተ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው። መጀመሪያ ቱቦው ወደ 6 ሜትር ያህል ተቀጥሎ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቱቦ የሚለግስም ሰው አግኝተናል። ከዚያ ደረጃው እንዲደርቅ ይተዋል። ጥቅምትና ኅዳር ለዚህ የተፈጠሩ ወራት ናቸው፤ ነፋሱም ፀሐዩም ያግዛል።

እስከዚያው ፍቂያው ይሠራል። የላላው ሁሉ በመፋቂያና በብረት ብሩሽ ይነሣል፤ «ይህችኛዋ ደኅና ይዛለች» እየተባለ እንደ ካርታ ቁርጥራጭ ቀለም መተው የለም፤ ከግማሽ በላይ የተነሣ ደረጃ እስከ ሲሚንቶው ድረስ ይጸዳል። የሊሾው ቆዳም በብረት ብሩሽና በሻካራ ድንጋይ ተፈትጎ አሸዋው እስኪታይ ይሻክራል። አንዳንዶች «በአሲድ ይታጠብና ይገላገል» ብላችኋል። አሲድ ሊሾን እንደሚያሻክር እውነት ነው፤ ነገር ግን ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ የእጀታውን ብረት ይበላል፣ በሚገባ ካልታጠበም ለሚቀጥለው ቀለም ጠላት ይሆናል። ሕፃናት በሚጫወቱበት ደረጃ ላይ እኛ አናስገባውም።

ስለ ሕፃናት ካነሣን፣ ከላይ ባሉት አምስት ደረጃዎች ያለው የድሮ ቀይ ቀለም መቼ እንደተቀባ ከእኛ መካከል የሚያስታውስ የለም። በድሮ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ይጨመር ነበር፤ በተለይ በቀዩና በቢጫው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ለልጅ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም። ሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 90 እንዳይበልጥ ወስናለች፤ የድሮው ቀለም ግን ደንቡን አያውቀውም። ስለዚህ ያንን ቀይ ቀለም ማንም በደረቁ እንዳይፈትግ፣ በእሳትም እንዳያቃጥል። በውሃ እየራሰ ይፋቃል፤ ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፋል፤ ቅርፊቱ ተሰብስቦ በከረጢት ይታሰራል እንጂ ወደ ጓሮ ወይም ወደ ቦይ አይጠረግም። የሚሠራው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል፤ ልብሱንም ቤቱ ከመግባቱ በፊት ይቀይራል። በእነዚያ ቀናት ልጆቻችሁን ከደረጃው አርቁልን።

ከዚህ በኋላ ደረጃው በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ ይታጠባል፣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ነጩ ጨው ግን ከመታጠቡ በፊት በደረቁ ይጠረጋል፤ ውሃ ካደረግንበት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ሌላም አለ፦ በ7ኛው ደረጃ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ብናፈስበት መሐሉ ላይ ይተኛል እንጂ አይወርድም። መርገጫው ወደ ፊት ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ለ30 ሳንቲ ሜትር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። እዚያ ላይ የተኛው ቦታ በመሮ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ በአንድ እጅ ሲሚንቶና በሦስት እጅ አሸዋ ይሞላል፤ ሰባት ቀንም እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት ውሃ ይጠጣል። ላዩ ላይ በስሱ መለቅለቅ አይሆንም፤ ስስ ልስን ጠርዙ ላይ ይሰበራል። ይህ ቦታ እንግዲህ የራሱን 28 ቀን መጠበቅ አለበትና ለ7ኛው ደረጃ ቀለም ከገና በፊት አይደርስም። ይቅርበት።

አሁን የምናውቀው ሙግት ይመጣል። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ መርገጫው ጨርሶ አይቀባ ነው። እግር የሚያርፍበት ቦታ ሻካራ ሲሚንቶ ሆኖ ይቅር፤ የሚቀባው ግንባሩ፣ ማለትም ቆሞ የሚታየው ፊት፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ መርገጫ ጠርዝ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ መስመር ብቻ ነው። «ምነው፣ ያላለቀ ቤት አስመሰላችሁት!» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ከኮሚቴውም መካከል አንዱ እንዲህ ብሏል። ነገር ግን ቀለም ቶሎ የሚያልቀው እግር በሚፈትገው ቦታ ነው፤ ውሃም መውጫ የሚፈልገው በዚያው ነው፤ ሰውም የሚንሸራተተው በዚያው ነው። ሲሚንቶ በራሱ የሚችለውን ዝናብ በቀለም ማገዝ ምን ይጠቅመዋል? ነጩ መስመር ደግሞ ለጌጥ አይደለም። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎቻችን ማታ ከለቅሶ ሲወጡ ደረጃው የት እንደሚያልቅ የሚያሳያቸው እሱ ነው።

ዋጋውንም አስልተነዋል። ደረጃው ስፋቱ 1 ሜትር ከ80 ነው። መርገጫውም ግንባሩም ቢቀባ ወደ 11 ተኩል ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በእኛ ሐሳብ ግን ከ5 ካሬ ሜትር ብዙም አያልፍም። ለሁለት ዙር 2 ሊትር ይበቃል። ቀለሙ ለወለልና ለሲሚንቶ የሚሆን ተብሎ የተሠራ እንዲሆን እንሻለን፤ የበር ቀለም አይደለም፣ የግድግዳ ቀለምም አይደለም።

የአቀባቡ ነገር አጭር ነው። የመጀመሪያው ዙር በጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ቀጠን ተደርጎ ሲሚንቶው እንዲጠጣው ይቀባል፤ በማግስቱ ሁለተኛው ስስ ሆኖ ይደገማል። አንድ ወፍራም ዙር ሁለት ስስ ዙርን አይተካም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። በነጩ መስመር ላይ የመጨረሻው ዙር ሳይደርቅ ታጥቦ የደረቀና የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስበታል። ሥራው ጤዛው ሲረግፍ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ተጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ያበቃል፤ በቀትር ፀሐይ የጋለ ሲሚንቶ ላይ መቀባት አረፋ ያስነሣል፤ ስለዚህ የእድራችን ድንኳን ለሁለት ቀን ጥላ እንዲሆነን እንዲፈቀድ ጠይቀናል። በዚያ ቀን ለቅሶ ከመጣ ድንኳኑ ወደ ለቅሶው ይሄዳል፣ ቀለሙም ይጠብቃል። ሰው እንዳይቸገር መጀመሪያ በስተ ቀኝ ያለው ግማሽ ብቻ ይቀባና በገመድ ይከለላል፤ ሰው በግራ ይወርዳል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ይገለበጣል። አንዱን ደረጃ ዘሎ አንዱን መቀባት የሚባለው ለወጣት እንጂ ለእናቶቻችን አይሆንም።

እንግዲህ ከእናንተ የምንፈልገው ውሳኔ መርገጫው ሳይቀባ ስለ መቅረቱ፣ ስለ ልጁ ቀሪ ክፍያና ስለ ድንኳኑ ነው። ቱቦው የሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይቀጠላል፤ አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት በ9ኛው ደረጃ ላይ ላስቲኩን መልሰን እናሽጋለን፤ ደረቅ ከሆነ ፍቂያውና ቀለሙ ይቀጥላል፤ ከረጠበ ደግሞ ምንም አንቀባም፣ ሌላ ሳምንት እንጠብቃለን። ላስቲኩ እዚያ ባለበት ሌሊት ማንም እንዳይነቅለው፣ ጠዋት የሚጠርጉትም እናቶች በውሃ እንዳያጥቡት አደራ እንላለን።

የጥገና ኮሚቴው